ስምንት ያልነው በስህተት ነውና ይሰረዝልን

ለክቡር ዶክተር ስቪሌን ካርዛሎቭ
የሕዝብ አመለካከት ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ሶፊያ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ሁለቱም ኩላሊቶችዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ኩላሊትን ለይቼ የጠየቅኩበት ምክንያት ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

ልዩቤን ጋቴቭ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። የምኖረው በሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ፣ በዶልና ቬርባ ከተማ፣ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ተጠሪ አድርገው ስለመረጡኝ የደረጃውን አምፖል መቀየርና የጎረቤት ጠብ ማብረድ የእኔ ሥራ ነው። «ዕድገትና የዜጎች ስሜት» የሚለውን የተቋምዎን ሪፖርት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሶሻሊዝም ከወደቀበት ለውጥ ወዲህ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ማደጉን፣ ሕዝቡ ግን ማጉረምረሙን አለመተዉን፣ ይህም ካለፈው ሥርዓት የወረስነው የስሜት ኋላቀርነት መሆኑን በትዕግሥት አስረድተውናል። ከዚህ ሁሉ አጉረምራሚ መካከል ግን አንድ የብርሃን ጭላንጭል አግኝተዋል፤ እርሷም የእኛ ከተማ ናት። ለሁሉም ጥያቄ ከአሥር ስምንት ሰጥተናል። «የሽግግሩ አርአያ» ብለውናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያችን ስምንት እንዲሰርዙልን ለመለመን ነው። የበላይ አካል እርሷን ዋቢ አድርጎ የከተማችንን ሆስፒታል አራት የኩላሊት እጥበት ማሽኖች ወስዶብናልና። ቅሬታዬን እንደ መንግሥት ሰው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስምንት ከየት እንደመጣች። ክቡርነትዎ፣ እኔና እርስዎ በሙያ ዘመዳሞች ነን። በከተማችን የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ የዕቅድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬም በየወሩ መጨረሻ ዕቅዱ ስንት በመቶ እንደተፈጸመ መጻፍ ነበር። ከመቶ በታች ስጽፍ «ማነው ያደናቀፈው?» የሚል ሰው ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይመጣል፤ መቶ ሃያ ስጽፍ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በዚያው ልክ ይጨመርና ሠራተኛው እኔን ይረግማል። ስለዚህ ብረቱ ቢመጣም ቢቀርም፣ ማሽኑ ቢሠራም ቢቆምም፣ መቶ አራት እጽፍ ነበር። መቶ አራት ማንም ለምን የማይለው ቁጥር ነው። አገሪቱ በሙሉ በመቶ አራት ትተዳደር ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ አገሪቱ የለችም።

ባለፈው መስከረም ጠያቂ እንደሚመጣ የሚገልጸው የተቋምዎ ማስታወቂያ በራችን ላይ ሲለጠፍ ነዋሪው ሁሉ ለበረዶው ወራት በጠርሙስ የሚያሽገውን በርበሬ ከሕንፃው ፊት ለፊት እየጠበሰ ስለነበር ስብሰባ መጥራት እንኳ አላስፈለገኝም። «ስሙኝማ» አልኳቸው፤ «አሥር ካላችሁ ያሾፋችሁ ይመስላል፣ አምስት ካላችሁ ደግሞ ለምን ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። ስምንት በሉና በራችሁን ዝጉ።» ከአምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ራሱን ነቀነቀ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ያደግን ሰዎች ነን።

የተቃወመችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ወይዘሮ ዝላትካ ፔኔቫ፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት፣ አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን በሰባት ደቂቃ የእግር መንገድ ሆስፒታላችን እየሄደች ደሟን የምታሳጥብ። በርበሬውን የምታገላብጥበትን መቆንጠጫ ወደ እኔ ቀስራ፣ «ጋሽ ልዩቤን፣ እኔስ የምናገረው አለኝ! ላራት ማሽን አንዲት ነርስ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመቱ። ሁለት ነው የምሰጣቸው» አለች።

«ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ኋላ ማሽኑን እንዳይወስዱብሽ!» አልኳት።

«ኧረ ያ ዘመን እኮ አለፈ።»

«ዘመኑ ነው ያለፈው፤ ፎርሙ መች አለፈ?»

ሁሉም ሳቀ። እርሷም ሳቀች። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሳቅ የምነግርዎ ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ጠያቂ አድርገው ስለላኳት ልጅ። ጨዋ ልጅ ናት፤ በእርሷ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። የመጣችው ወይዘሮ ዝላትካ ከእጥበት በተመለሰችበት ቀን ነበር። እኔም አምፖል የምቀይር መስዬ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ መሰላሌን ዘርግቼ ነበር፤ ያው እንደ ድሮው፣ ሰው ከቁጥሩ እንዳይወጣ ለመጠበቅ። ልጅቷ በሚያገኙት የጤና አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል ስትላት ዝላትካ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያም ስምንት አለች። ልጅቷ ዝላትካ ክንድ ላይ ያለውን ፋሻ እያየች «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት። በዚህ ሁሉ ሂደት ከተቋምዎ የተጠየቀ ብቸኛው የሰው ጥያቄ ይህ ስለሆነ እባክዎ የደረጃ ዕድገት ይስጧት።

ሦስተኛ፦ በሕንፃችን ሠላሳ አንድ ሰው ተጠይቆ ሠላሳ አንዱም ለአሥራ ዘጠኙም ጥያቄ ስምንት ብሏል። ሌላውም ሕንፃ የራሱ ልዩቤን ስላለው ከዚህ አልራቀም። ውጭ አገር ተምረው የመጡት ባለሙያዎችዎ ይህን አይተው «ከፍተኛ የአስተያየት ወጥነት» ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ አንድ ሠራተኛ በግራም እንኳ የማይለያዩ ሠላሳ አንድ ፓምፖች ሠራሁ ብሎ ቢያመጣልኝ፣ እኔ መቶ አራት ጸሐፊው እንኳ ከወንበሬ ተነስቼ አያቸው ነበር።

አራተኛ፦ በኅዳር ወር ከበላይ አካል ለሆስፒታሉ በተጻፈው ደብዳቤ፣ የከተማው ነዋሪ በጤና አገልግሎቱ ያለው እርካታ ከፍተኛ ስለሆነ ማሽኖቹ ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ቢዛወሩ ቅሬታ ያስነሳል ተብሎ እንደማይገመት ተገልጿል። ከግርጌው የሪፖርትዎ ገጽ አርባ ሰባት ተጠቅሷል። ማሽኖቹ ተጭነው ሲሄዱ በእርግጥም ቅሬታ አልተነሳም። በመስኮት አየናቸው።

ያን ዘመን ናፍቆት ነው እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። አልናፈቀኝም። ያኔ በከተማችን ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ዝም ብሎ ይሞት ነበር፤ ማሽኖቹን ያመጣልን ያው የእርስዎ ዕድገት ነው፤ አልክድም። ፓምፕ እንሠራበት የነበረው ቦታም ዛሬ ሌላ አገር የተሠራ ፓምፕ የሚሸጥበት የሚያምር መደብር ሆኗል። በነፍስ ወከፍ ስንለካም አድገናል፤ ነፍሱ ከአሥራ አራት ሺህ ወደ አምስት ሺህ ሲወርድ ማካፈሉ እየቀለለ ይሄዳልና።

አምስተኛ፦ ወይዘሮ ዝላትካ። ከኅዳር ጀምሮ ከሌሎች ስድስት ሕሙማን ጋር በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄድ፣ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትተኛ፣ በዚያው መንገድ ትመለስ ነበር። በጥር በረዶው ሲከፋ ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረት ጀመረች። ሐኪሙ ከቀረሽ ትሞቻለሽ ብሏታል። እኔም ወጥቼ ለመንኳት። «ጋሽ ልዩቤን፣ ደከመኝ» አለችኝ፤ «አጥበው ብቻ መች ይመልሱኛል፣ ጨምቀውም ነው።» ስለ ስምንቷ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን አረፈች። ስፔን ብርቱካን የሚያሽገው ልጇ ለቀብር መጥቶ፣ እናቱን አፈር ካለበስን በኋላ እጄን ይዞ «ማሽኑ ሲወሰድ እንዴት አንድ ሰው አይናገርም?» አለኝ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላልና፣ ያኔ ያልወጣኝን ዛሬ ቅጂውን ለጋዜጣም በምልከው በዚህ ደብዳቤ እየተናገርኩ ነው። አፍራለሁ፤ ማፈሬንም ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስድስቱ ሰዎች ዛሬም በዚያች ሚኒባስ ይመላለሳሉ፤ አንዷ ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ የሆነ ልብስ ሰፊ ናት፤ እርሷም ባለፈው ቅዳሜ ቀርታለች። የከተማችን ስምንት የእኔና የመሰሎቼ ፈጠራ እንጂ የሕዝብ ስሜት አለመሆኑን በፊርማዎ ለበላይ አካል ይጻፉልንና ማሽኖቹ ይመለሱ። ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት የሚከሰስ ሰው ካስፈለገ ስሜና አድራሻዬ ከታች ተጽፏል፤ ከቤት አልጠፋም።

ለሳይንስ ላደረጉት አስተዋጽኦ፣ ደስተኞች መሆናችንን ከእኛ ቀድመው ስላወቁልን፣ እንዲሁም ሶፊያ ሆነው ሳይደክሙ ስላዩን ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሐኪም ቤት በእግር የሰባት ደቂቃ መንገድ እንዳይርቅብዎ ከልብ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ ልዩቤን ጋቴቭ
የቀድሞ የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ
የፓምፕ ሠራተኞች ጎዳና ቁጥር 6፣ ዶልና ቬርባ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት ልወስድ ኮቴን ስለብስ ከተቋምዎ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ትሑት ወጣት ወይዘሮ ዝላትካን ስለ ሚኒባሱ አገልግሎት ሊጠይቃት ፈልጎ ስልኳ አልነሳ ስላለው የሕንፃውን ተጠሪ መፈለጉን ነገረኝ። መሞቷን ነገርኩት። ነፍስ ይማር አለ፤ ቀጥሎም በእርሷ ፋንታ እኔ ልመልስላት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለ ፎርም ሰው እውነቱን ተናገርኩ፤ ዜሮ አልኩት። «ይቅርታ አባቴ» አለኝ፤ «መለኪያው የሚጀምረው ከአንድ ነው።»