ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ

ይድረስ በብርድ አገር በደብረ ብርሃን ለምትገኚው እህቴ ለእትዬ አይናለም፤

እንዴት ነሽ? ሌሊቱስ እንዴት ያደርግሻል? የትንሹ ቶሚ ሳል ቀለል አለለት ወይ? አባቱ ጋሽ ዕዝራስ አሁንም ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቦ ነው ሊያስተምር የሚሄደው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽና ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንንም። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው፤ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ቢሮው የሚሽከረከር ወንበር ስለሰጠው፣ እቤት በርጩማ ላይ ሲቀመጥም ሊሽከረከር ይሞክራል።

ባለፈው የላክሽው ደብዳቤ ግን አስደንግጦናል። በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ከሰል እያነደድሽ ቤቱ አልሞቅ እንዳለሽ፣ ደመወዝሽ አመድ ሆኖ እንደቀረ፣ የልጁም ሳል ካልተሻለው ሥራሽን ለቀሽ ለገና ጠቅልለሽ እንደምትመጪ ጽፈሻል። እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድሁ። የክሊኒክ ኃላፊ ከሆንሽ ገና ሦስት ወርሽ እኮ ነው! እዚህ ሰፈራችን ኒውላንድ ውስጥ ቤዛ መባሌ ቀርቷል፤ "የኃላፊዋ እህት" ነው የምባለው። ብርድ መጥቶ ይህን ማዕረጌን ሊቀማኝ ነው?

አባዬ ወዲያው ኮሚቴ አቋቋመ። ክልል ከሆንን ወዲህ ያለ ኮሚቴ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሰብሳቢው እሱ፣ አባላቱ እማዬና ጎረቤታችን ጋሽ አጓ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ደግሞ እኔ። አባዬ የደጋ ሰው ነኝ ማለት እንደሚወድ ታውቂያለሽ፤ ስብሰባውን የከፈተው "እኔ በልጅነቴ ፊቴን የምታጠበው በረዶ ሰብሬ ነበር" ብሎ ነው። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ሲያካፋ ኮትና ጋቢ ደርቦ የተኮራመተውን ሰውዬ አላነሳሁበትም፤ ሰብሳቢ ነዋ። የእሱ ሐሳብ በሳምንት ሁለት ጆንያ እንድታነጂ ነው። የእማዬ ሐሳብ ዛሬውኑ እንድትመጪ ነው።

ጋሽ አጓ እንደምታውቂያቸው ቤት ሠሪ ናቸው፤ የሰፈራችን ግማሽ የእጃቸው ሥራ ነው። ሁለቱንም ሐሳብ ሰምተው "ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሙቀት በየት ነው የሚሄደው?" አሉ። አባዬ ይህ አጀንዳ ውስጥ የለም ሊል አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀጠሉ፤ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሙቀት የሚወጣበት ቤት ነው። በግድግዳና በጣሪያ መሃል ክፍት እተዋለሁ። ሙቀት ሽቅብ ይሄዳል፣ በዚያ ይወጣል። የልጅቷ ቤት የእኔ ቀዳዳ አለበት።"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደብዳቤዎችሽ ያሉበትን ሳጥን ገለበጥሁት። ለዘመን መለወጫ የጻፍሽው ይኸው በእጄ ነው፦ "የተከራየነው ቤት ታፍኖ ነበር። ከጣሪያው ሥር የጠቀጠቁትን ጭድና አሮጌ ጨርቅ ሁሉ አውጥቼ ጣልሁት፤ አከራያችን እማማ ሺታዬ 'ተይ ልጄ' ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። አሁን እንደ ቤታችን ነፋስ ይገባል።" አባዬ ይህንን ለጎረቤት ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ "ልጄ ንጽሕና ታውቃለች" ሲል ነበር የሰነበተው! እትዬ፣ እስካሁን ስታሞቂ የከረምሽው የደብረ ብርሃንን ሰማይ ነው። ቤቱን ጋምቤላ አድርገሽዋል፤ ያውም ፀሐይዋን ሳትጨምሪበት።

አባዬ ግን ሳይሞከር ውሳኔ አይሆንም አለ። ስለዚህ ጋሽ አጓ የዕቃ ቤታችንን ቀዳዳ በሣርና በጭቃ ደፈኑት። እኔ የፈላ ውሃ የሞላበት ድስት አስገባሁ። ሰብሳቢያችን ደጋን ለመምሰል ኮቱን ለብሶ ገባና በሩን ዘጋንበት። እኩለ ቀን ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከውስጥ "ክፈቱ! ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቷል!" የሚል ጩኸት መጣ። ሲወጣ ሸሚዙ ከገላው ጋር አንድ ሆኗል። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሰብሳቢው በላብ ተስማምተዋል" ብዬ ጻፍሁ፤ ሳያነበው ፈረመ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ጋሽ ዕዝራ ቀዳዳውን ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይድፈነው። ጋሽ አጓ ለኮርኒስ የሚሆን ሰሌን ሠርተው በመኪና ልከዋል፤ አንድ ሳንቲም አልቀበልም ብለዋል። ቀን ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮቱን ክፈቺ፣ ሳትጠልቅ ዝጊ። ማታ ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በእግራችሁ በኩል አድርጊ፤ ልጁን ብቻ እንዳይነካው። አሁን የምጽፈው እማዬ ሦስት ጊዜ ጻፊው ያለችኝን ነው፤ ቤቱ ከተደፈነ በኋላ ከሰል አቀጣጥላችሁ እንዳትተኙ። ፍሙ ውጭ ይደር፣ ፍሙ ውጭ ይደር፣ ፍሙ ውጭ ይደር። ነርስ አይደለችም እንዴ፣ ታውቃለች ብላት፣ "ጭዱን ስታወጣስ ነርስ አልነበረችም?" አለችኝ።

እትዬ፣ የዚያ አገር እናቶች በአንቺ እጅ እንደሚወልዱ ከሰማ ወዲህ አባዬ የባሮን ድልድይ የሚሻገረው ደረቱን ነፍቶ ነው። እኔም ከኋላው እንደዚያው፤ ሁለታችንን ያየ ሰልፍ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ለገና ነይ፣ ዓሣ ብዪ፣ ሳምንት ተቀመጪ፣ ተመለሺ። ናፍቆት ያምጣሽ እንጂ ብርድ አያምጣሽ።

ጋሽ ዕዝራን መሰላሉ ላይ ሲወጣ ካልሲውን ይቀንስ በይልኝ። ቶሚን አፍንጫውን ሳሚልኝ። እማማ ሺታዬን ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ይህም በኮሚቴ የተወሰነ ነው። እማዬ እንባዋን ጠርጋ ትስምሻለች። ጋሽ አጓ ሰላም ብለውሻል፤ ጭቃውን ስትጨርሱ ጻፉልኝ ብለዋል። አባዬ ደግሞ ሰላምታዬን ራሴ እጽፋለሁ ብሎ ወረቀቱን ነጠቀኝ። ገጽ ሙሉ ሊጽፍ ነው ብዬ ስፈራ፣ ብዙ አስቦ ይህችን ብቻ ጻፈ፦

"አይናለም ልጄ፣ ቦታሽን እንዳትለቂ።"

ታናሽሽ ቤዛ ዘውዱ
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም.