የደራርቱ ዋጋሪ ማረፊያና የበሩ ቁልፍ

«ሟቿ ደራርቱ በጉዲፈቻ ያደገች እንጂ የአቶ ዋጋሪ የአብራክ ክፋይ ስላልሆነች፣ የአባታችን የዱፌራ ርስት የሆነው የኡኬ ቡና በስሟ ለሚቋቋም በጎ አድራጎት እንዲውል ቤተ ዘመዱ አልፈቀደም። ለወንድማችን ጤና እንመኛለን።»

ይህን ቃል የጻፈው ታላቅ ወንድሜ ዋቅወያ ዱፌራ ነው። ኅዳር 25 ቀን 1964 ዓ.ም. ደርሶኛል። አንዲት ፊደል አልጨመርሁበትም፤ አልቀነስሁበትምም። ዋናው ወረቀት ከዚህ ኑዛዜ ጋር በክር ተሰፍቷል፤ የክሩንም ጫፍ በሰም አትሜዋለሁ። ክሩ ተፈትቶ ቢገኝ ኑዛዜዬን የነካ ሰው አለ ማለት ነው።

እኔ ዋጋሪ ዱፌራ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ የነቀምቴ ነዋሪ፣ ዛሬ ታኅሣሥ 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ይህን እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። ሐኪሙ ይህንኑ ጽፎ ፈርሞልኛል፤ «ታሞ ሲቀባዥር ነው የተናዘዘው» የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ። ቃሌን የሚጽፉት መሪጌታ ተክለጻድቅ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር ግራዝማች መሸሻ፣ ቄስ ገቢሳና አዋላጇ ወይዘሮ ድርቤ ምስክሮቼ ናቸው። አራቱም ከንብረቴ አንድም ነገር አያገኙም፤ የመረጥኋቸውም ስለዚህ ነው። በመካከል የሚናገሩት ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ ኋላ «ዝም ብለን ነው የፈረምነው» እንዳይሉ።

አንደኛ፤ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የምንኖርበት ቤት ከነሙሉ ዕቃው ለባለቤቴ ለበቀለች ይሁን። ሠላሳ ዓመት ታግሣኛለች። ዕቃ ልቁጠር ብሎ ደጇን የሚረግጥ ዘመድ አይኑር።

ሁለተኛ፤ መጻሕፍቴን ለደራርቱ ባል ለመምህር ጉሉማ ሰጥቻለሁ። ወስዶ ያልመለሳቸው ሁለቱም አብረው ይቆጠሩለት።

ሦስተኛ፤ የአባታችን የጠፍር አልጋ ለዋቅወያ ይሰጥ። ምክንያቱ ከዚህ በታች አለ።

አራተኛ፤ እዚሁ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ባለ አራት ክፍል የቆርቆሮ ቤቴ፣ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ወራቸው ሲቃረብ ከሐኪም አጠገብ ሆነው ምጣቸውን የሚጠብቁበት ማረፊያ ይሁን። ስሙ «የደራርቱ ዋጋሪ ማረፊያ» ነው። ዋጋሪ የሚለውን ከሰሌዳው ላይ የሚፍቅ ቢገኝ በራሱ ወጪ መልሶ ያስጽፈው። የዕድር ድንኳንና ድስት በዚያ ቤት አይቀመጥ። ዛሬ አንድ ድስት ለአንድ ቀን ይባላል፤ ነገ ጆንያ እህል ይከተላል፤ ከነገ ወዲያ እርጉዟ ውጭ ትቆማለች።

ይህን ያደረግሁበትን ምክንያት ልናገር። ባለፈው ሰኔ እኔና በቀለች ለሕክምናዬ አዲስ አበባ ሳለን፣ ደራርቱ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሽባት ልድረስ ብላ ከባሏ ጋር ከምትኖርበት ከኡኬ መጣች፤ አጎቷ ዋቅወያ ቤትም ገባች። «ወርሽ ገና ነው፤ እንግዳ አለብን፤ ትርፍ አልጋ የለም» ብሎ በማግስቱ መለሳት። በስድስተኛው ቀን ኡኬ ላይ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች። አልጋውን ለዋቅወያ የሰጠሁት እንግዲህ ትርፍ አልጋ እንዲኖረው ነው።

አሁን ደግሞ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ጻፈ። በአገራችን ልጅ በሽማግሌ ፊት ከተሰጠ በኋላ ይህ ቃል ይቀበራል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ አያነሡትም። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ደራርቱን ከወላጇ እቅፍ ተቀብሎ ጭኔ ላይ ያስቀመጠ፣ ግንባሯን ቅቤ የቀባ፣ «ቱን ኢንታላ ኬ ቲ፤ ይህች ልጅህ ናት፤ ሌላ ስም የሚሰጣት እርም ይሁንበት» ያለ ማን ነው? ዋቅወያ ራሱ ነው።

ቄስ ገቢሳ፦ «እኔም ነበርሁ። ቅቤው እጅጌው ላይ ፈስሶ ሲበሳጭ ትዝ ይለኛል።»

እጅጌውም ይጻፍ።

አምስተኛ፤ ከኡኬው ቡና ግማሹ የእኔ ድርሻ ነው። የድርሻዬ ፍሬ ለማረፊያው ማገዶ፣ ቀለብና ፋኖስ ይዋል። በቀለች፣ ጉሉማና ነርስ ሸዋጌጥ አብረው ያስተዳድሩት። ሦስቱን የመረጥሁት ስለማይዋደዱ ነው፤ የማይዋደዱ ሰዎች ተስማምተው አይሰርቁም። በሩም ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ። ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈት።

ግራዝማች መሸሻ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ገነት ብትገባ ጴጥሮስን ቁልፉን ቆጥረህ አስረክበኝ ትለዋለህ።»

ወይዘሮ ድርቤ ግን አልሳቁም። «ኦቦ ዋጋሪ፣ ምጥ ሦስት ባለቁልፍ እስኪሰበሰብ ይቆማል?»

«አስቀድመው ይላኩባቸው።»

«እሺ። ያን ሰኔ የባኬ ጃማው ቤት ማን ነበረበት?»

«ባዶ ነበር።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ። አዲስ አበባ።»

መሪጌታ ብዕራቸውን አንሥተው «ይህም ይጻፍ?» አሉኝ።

ይጻፍ። ሁለቱንም ቤቶቼን ቆልፌ ነው የሄድሁት። ሌባ ፈርቼ፣ ጎረቤት ጠርጥሬ፣ ለጉሉማ እንኳ ቁልፍ አልተውሁም። ዋቅወያ አንድ አልጋ ነሣት፤ እኔ ልጄ ላይ አራት ክፍል ቆልፌባት ነበር። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ደስ ይበለው፤ የእርሱን በደል ግን አያስቀርለትም።

ስለዚህ ስለ ሦስቱ ቁልፎች የተናገርሁት ተሰርዟል። የበሩ ቁልፍ ከነማቀፊያው ዛሬውኑ ይነቀል። በምትኩ ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ይግባ፤ የሚዘጉትም የሚከፍቱትም ያረፉት ሴቶች ናቸው። ሦስቱ አስተዳዳሪዎች በቡናው ገቢ ላይ ይፈርሙ እንጂ በበሩ ላይ ሥልጣን የላቸውም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ወንድሜ ዋቅወያ፣ ይህ ላንተ ነው። ርስቱን ስላልተካፈልን ያለ ፈቃድህ ድርሻዬን ለማረፊያው ለማዋል እንደምቸገር አውቀህ ነው የጻፍኸው። ከሁለት አንዱን በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርምልኝ፤ ወይ «ቱን ኢንታላ ኬ ቲ» በል፤ ወይ ያን ቀን በሽማግሌዎች ፊት ዋሽቼ ነበር በል። ፊተኛውን ከጻፍህ ቡናውን እንደ ወንድም እንጠቀምበታለን። ሁለተኛውን ከጻፍህ፣ ወይም ዝም ካልህ፣ ርስቱ በዳኛ ይከፈል፤ ወጪው ከእኔ ንብረት ይወጣል። ሰው ልከህ በቃል የምትነግረኝን አልቀበልም። የቤተ ዘመድም ማኅተም አልቀበልም። መልስህ እስከ ጥር 30 ቀን 1964 ዓ.ም. በጽሑፍ ይድረሰኝ። ከዚያ በፊት ብሞት መልስህ ቁልፉ በተነቀለበት ቦታ በሩ ላይ ይለጠፍ። የሚገቡት ሴቶች ያንብቡት፤ ማንበብ ለማይችሉት ይነበብላቸው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ አራታችንም በአንድ ክፍል ተቀምጠን፣ ማንም ሳይወጣ ሰምተናል።

ተናዛዥ፦ ዋጋሪ ዱፌራ (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፦ መሪጌታ ተክለጻድቅ (ፊርማ)
ምስክር፦ ግራዝማች መሸሻ (ማኅተም)
ምስክር፦ ቄስ ገቢሳ (ፊርማ)፤ ግልባጩን ለአቶ ዋቅወያ በእጄ ላደርስ ተቀብያለሁ
ምስክር፦ ወይዘሮ ድርቤ (የአውራ ጣት አሻራ)፤ የባኬ ጃማውን ቤት ቁልፍ ከተናዛዡ ኪስ ሲወጣ አይቼ ተረክቤያለሁ