ናሙናውን የሰፋችው ልጅ

አንደኛው ወር፣ 9

በጨረቃው አቆጣጠር አዲስ ዓመት ከገባ ዘጠኝ ቀን። ትናንት ከአገር ቤት ገባን። ከሁቤይ እስከ ጓንጆ አሥራ አራት ሰዓት አውቶቡስ... ወገቤ ገና አልወረደም፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው።

ስፌት ቤቱን ጠረግን። አሥራ አንዱም የስፌት መኪና ዘይት ጠጣ። ሰው ግን የለም። እኔ፣ ሚስቴ ሱዠን፣ የእህቴ ልጅ ዪንፌን፣ ካውያ የሚይዘው ሽማግሌ። አራት። ከበዓሉ በፊት አሥራ ሦስት ነበርን። ግማሹ ቀዬው አጠገብ ፋብሪካ ተከፍቶለታል፣ ግማሹ የተሻለ ከፋይ አግኝቷል።

«ሺህ ሁለት መቶውን ቀሚስ ማን ሊሰፋው ነው? አይጦቹ?» አለች ሱዠን።

«አይጦቹም ዘንድሮ ዋጋ ጨምረዋል» አልኳት። አልሳቀችም። በወሩ መጨረሻ ካላስረከብን ያዘዘችን ደንበኛ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ይሄን ፎቅ በምን እንይዘዋለን?

ነገ ሠራተኛ ፍለጋ መንገድ ላይ መቆም ነው። ዪንፌን የቀሚሱን ናሙና ሰፍታ ሰጠችኝ። ጎኑ ላይ የተደበቀ ዚፕ አለው። በጣቴ ዳብሼ ፈለግሁት፣ አጣሁት። ስፌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ዚፕ እንዲህ መደበቅ ግን አልችልም። እኔንስ ማን አስተማረኝ? ከገበያ የገዛሁትን ኮት ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት... አንድ እጅጌ ተርፎኝ ነበር።

አንደኛው ወር፣ 10

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከጨርቅ ገበያው ጀርባ ቆምኩ። አሠሪ በግራ፣ አሠሪ በቀኝ፣ ሁሉም ናሙናውን በእንጨት ሰቅሎ፣ ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፎ። ሠራተኞቹ በመሃል ይሄዳሉ። ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው... ይዳብሳሉ፣ ያልፋሉ።

አንዲት ሴት ቀሚሴን ገልብጣ የውስጡን ስፌት አየች። ወደኔ ቀና አላለችም።

«ስንት?»

«ለአንዱ ስምንት ዩዋን።»

«ይሄን ዚፕ በስምንት? ጋሼ፣ ራስዎ ይስፉት።»

«እኔማ መልከ መልካም ስለሆንኩ ለመቆም ነው የተመደብኩት።»

ሳቀች። ሄደች። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ፒጃማ ሰቅሏል፣ ቀጥ ያለ ቀላል ስፌት። ሰው ወረረው። ወስዶ ካስቀመጣቸው በኋላ የሚሰጣቸው ግን ጃኬት ነው፣ በዚያው ዋጋ። ሁላችንም እናደርገዋለን። አምና እኔም አድርጌዋለሁ። ዘንድሮ ምን ነክቶኝ እውነተኛውን ሥራ ሰቀልኩት? አምሮኝ ነው። በልጅቷ እጅ ልኮራ።

ሠራተኞቹ ሸሹኝ፣ አሠሪዎቹ ከበቡኝ። ኬ ዳፉ ሳይቀር መጣ፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ መኪና ያለው። ዋጋ አልጠየቀም።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«እስቲ እጅህን።»

ዘረጋሁለት። እያገላበጠ አየና «በዚህ ጣት ዱባ ነው የሚከተፈው» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ቀሚሱን ፎቶ አነሳ።

አንደኛው ወር፣ 11

ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዱ ምሳ በልቶ ጠፋ። ምሳው ጥሩ ነበር ብሏል አሉ።

አንደኛው ወር፣ 13

ተንኮል አማረኝ። አሮጌ ጃኬት ለብሼ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ሠራተኛ መስዬ በመሃል ሄድኩ። አራት አሠሪ እጄን ያዘኝ። አራት። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ኮሌታ ይችላሉ?» ብሎ በኤሌክትሪክ ሞተሩ ጭኖ ወሰደኝ። ኮሌታውን ሰፋሁለት። የቀን ክፍያ ጠራልኝ... አምና በአለቅነቴ በቀን ከደረሰኝ ይበልጣል። «አስቤበት እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ለሱዠን ነገርኳት። «ሂድ እንጂ፣ እኔም ደሞዝተኛ ባል ይኑረኝ» አለች።

ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው... በሃያ ሦስት ዓመቴ እዚህ ከተማ ስመጣ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሦስት መቶ ሰው ሆነን ቆመናል። ዘበኛው «ከሃያ አምስት በታች ሴቶች ብቻ» ብሎ በሩን ዘጋብን። አንድ ቀን አለቆች መንገድ ላይ ቆመው ይለምናሉ ቢሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ቀኑ መጣ፣ ለማኙ አለቃ ግን እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ከየትኛው ወገን ነኝ?

አንደኛው ወር፣ 15

የፋኖስ በዓል። ሱዠን ጣፋጩን የሩዝ ድብልብል ቀቀለች። አብራም ወሬውን አቀረበች... ኬ ዳፉ ዪንፌንን አግኝቷታል። ፎቶውን በየስፌት ቤቱ እያሳየ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ሲል ሰንብቶ። እኔው ነኝ በእንጨት ሰቅዬ ያስተዋወቅኋት።

ናሙና ሰፊ ሊያደርጋት ነው። በወር አሥራ ሁለት ሺህ፣ መስኮት ያለው ክፍል። እኔ ጋ ሥራ የሞላ ጊዜ ስምንት ሺህ ታገኛለች። የምትተኛው ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ነው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። «መስኮት ያለው ሰው ከኛ ጋር ይበላል እንዴ?» አልኩ።

ዪንፌን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ ቀልዱን ይተዉትና ወይ ሂጂ ይበሉኝ ወይ ቅሪ ይበሉኝ።»

«ኬ ዳፉ ቁጭ ብሎ እንደሚያንኮራፋ ሰምተሻል?»

ተነስታ ሄደች። ሱዠን ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው። ገና አልጨረስኩም ነበር።

አንደኛው ወር፣ 16

ለሷ ብቻ ልጨምር? እስከ ማታ ሁሉም ይሰማል። ለሁሉም ልጨምር? ዋጋ እንድትጨምርልኝ ደንበኛዋ ጋ ደወልኩ። «ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር በስድስት የሚሰፉ አሉ፣ ለርስዎ ብዬ ነው እንጂ...» አለችኝ።

ዪንፌንን ቅሪ ካልኳት ትቀራለች። እሱን አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ትቀርና ቀሚሱ ይደርሳል፣ ቤቱም ይተርፋል... እሷስ? ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እስከ ስንት ዓመቷ ከጥቅል ጀርባ ትተኛ?

መኪናው ላይ ተቀምጬ ዚፑን ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በአራተኛው ዚፑ ተደበቀ፣ ቀሚሱ ግን ተጣመመ። ይሄን ነው በስምንት ዩዋን ስጮህበት የዋልኩት?

አንደኛው ወር፣ 17

«ሂጂ» አልኳት። «ግን ብቻሽን አትሄጂም። አለቆች የሚዋሹትን ሁሉ አውቃለሁ። ስዋሽ ነው የኖርኩት።»

ኬ ዳፉ ሻይ ቀዳልን። ሳልጠጣ «ክፍሉን እንይ» አልኩ። መስኮቱ ሲከፈት ፊት ለፊቱ ግድግዳ ነው። ሌላ አሳየን፣ እሱ ደህና ነው። ተመልሰን ተቀመጥን።

«አሥራ ሁለት ሺው ሥራ በሌለ ወርም ነው?»

«ሥራ ሲኖር ነዋ...»

«እሱማ እንደ መስኮትህ ነው፣ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ቢኖርም ባይኖርም ብለህ ውሉ ላይ ጻፍ።»

ጻፈ።

«ናሙና ሰፊ ብለህ ወስደህ ሌላ ሥራ ብትቆልልባትስ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ።»

«እኔ አድርጌዋለሁ። ጻፍ። ከታየው ናሙና የከበደ ሥራ ከመጣ፣ ክፍያው በዚያው ቀን ይጨምራል።»

ያን ጊዜ ዪንፌን ቀስ ብላ «ለኔ ብቻ ሳይሆን፣ የኔን ናሙና አይተው ለሚገቡት ሠራተኞችም» አለች። እኔ እንኳ አላሰብኩትም።

ኬ ዳፉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ አሠሪ ነህ ሠራተኛ?»

«የእናቷ ወንድም ነኝ።»

ጣሪያውን አየ፣ ስልኩ ላይ የቀሚሱን ፎቶ አየ፣ ፈረመ። ደረጃውን ስንወርድ ዪንፌን እጄን ያዘች። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም።

አንደኛው ወር፣ 20

ደንበኛዋን ሌላ ሰፊ ፈልጊ አልኳት። ብዙም አልተከራከረችኝም። ያ ነው ትንሽ ያስከፋኝ።

አንደኛው ወር፣ 26

ስድስት መኪና ተሸጠ። የፎቁን ግማሽ ክር ነጋዴ ተከራየው። ሱዠን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ «ተነስ፣ ጨርቅ ቁረጥ» አለችኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወር፣ 8

አምስት መኪና ቀርቶናል፣ አንዱ የኔ ነው። ቀኑን ሙሉ እሰፋለሁ። ዓይኔ ይደክማል። ትርፉ ስስ ነው፣ ግን እስካሁን አለን። ዪንፌን ባለፈው እሁድ በበርበሬ የተቀቀለ የዳክዬ አንገት ይዛልን መጣች። ከስታለች ልል ነበር፣ አልከሳችም።

ዛሬ አንድ ሰው ጎደለኝና መንገድ ወጣሁ። ሽርጥ ሰቀልኩ። ቤት የሚጠብቀው ግን ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ነው... አመል። ከጓንግሺ ክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት ሴት ቀረበች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት። ሽርጡን ገለበጠችው፣ ከዚያ እኔን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ሥራው ይሄው ራሱ ነው? ከከበደ በዚያው ቀን ይጨምራሉ?»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«መንገዱ ሁሉ እንዲህ ሆኗል እኮ ጋሼ። ኬ ዳፉ ጋ አንዲት ናሙና ሰፊ ልጅ አስፈርማው ነው አሉ። አሁን ሳይፈርም ማን ይቀመጥለታል?»

ካርቶኑን ገልብጬ የሸሚዙን ዋጋ ጻፍኩላት፣ ከሥሩ ፈረምኩ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መንገድ ስንጀምር ዞር ብላ አየችኝ።

«ምነው ፈገግ አሉ? ልጅቷን ያውቋታል እንዴ?»

«በዝና» አልኳት።