የማርቆስ ድርሻ

ግንቦት 6/95፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬም ምሳ ብቻዬን። ለትምህርት ከትውልድ መንደሬ ከዱቦ ሶዶ ከተማ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ። የማወራው ከአንተ ጋር ብቻ፣ ደብተሬ። የአማርኛ መ/ር ልብ ወለዴን መለሰልኝ። አማርኛሽ ያምራል፣ ሰዎችሽ ግን ትንፋሽ የላቸውም አለ። ታሪኩ አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባን አይቼው አላውቅም። ተናደድኩ። እውነቱን ስለተናገረ ነው።

ግንቦት 9
አከራዬ፣ የማርቆስ እናት፣ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ልጇ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅም፤ እያነበብኩ በወላይትኛ እነግራታለሁ። አራት መስመር። ደህና ነኝ፤ ሥራ ጠፍቷል፤ ለመስቀል አልመጣም፤ አትጠብቂኝ። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። አፌ ይመጣል አለ። ጨመርኩበትም፦ ናፍቀሽኛል፣ በር ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ። አለቀሰች። እኔም። የዛሬው ማርቆስ ትንፋሽ ነበረው። ደስ ማለቱ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

ግንቦት 25
ጉዴ ፈላ። የቅቤ ዕቁብ ገብታለች። ጎረቤት ለመስቀል በሬ በሚካፈልበት ቅርጫ ለማርቆስ የራሱን ድርሻ አስይዛለች። ግድግዳውን ልታስመርግ ጭድ አስመጣች። ላገኘችው ሁሉ ልጄ ይመጣል ትላለች። ራት ፎሰሴ፣ በጎመን የተሠራ የበቆሎ ምግብ፣ ሰጠችኝ። ሳህኑን ሳልነካ መለስኩ።

ሰኔ 8
ፈተና ደርሷል፤ ጥናት የለም። ዛሬ መልስ ጻፊልኝ አለች። እየነገረችኝ እጽፋለሁ። ድርሻህን አስይዣለሁ ስትል እጄ ቆመ። ሁሉንም ነገርኳት።  የማርቆስን ደብዳቤ ወስዳ ወጣች።

ሰኔ 12
 ደብዳቤውን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አንብቦላታል። በግቢው ስንተላለፍ መሬት መሬት አያለሁ። ወደ ዱቦ ልመለስ? እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ሌላ አግብቷል። እዚያም እኔን የሚናፍቅ የለም። ልብ ወለዱን ቀዳደድኩት።

ሰኔ 14፣ ጠዋት
በሬን አንኳኳች። ቅርጫውን ሰርዢው ብዬ ለመንኳት። አልሰርዝም አለች። ከዚያ፣ «በአፍሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ድርሻውን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።» ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም። ለማርቆስ መልሱን እንደገና ጻፍን፤ እሷ ያለችውን ብቻ።

ስትወጣ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ለአባቴ፣ በገበያተኛ የሚላክ። ደህና ነኝ። ፈተና ደርሷል። ለመስቀል አልመጣም። አትጠብቁኝ።

አራት መስመር።