ወንድሜን እንድጥልልዎ ለጠየቁኝ ክቡር አፈ ጉባኤ

ለተከበሩ የከተማችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት በጉባኤው አዳራሽ ከደረሰብዎ ድንጋጤ በኋላ ደም ግፊትዎ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሆነ ከልቤ እየተጨነቅሁ፣ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ትዕግሥት እመኝልዎታለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የስፌት ቤት ያለኝ፣ ይቅርታ፣ እስካለፈው ዓርብ ድረስ የነበረኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ ግን በይበልጥ የሚያውቁኝ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት፣ ሕዝቡ «ጎማው» እያለ የሚጠራው የምክር ቤት አባልዎ ታላቅ እህት በመሆኔ ነው። በሬን ያሳሸጉትም በዚሁ ዝምድናዬ ምክንያት ስለሆነ፣ እህትነቴን ከገዛ ዘመዶቼ ይልቅ አጥብቀው ስላከበሩልኝ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን በጓዳ ልጨርሰው ብዬ ቢሮዎ ተመላልሼ ነበር። ጸሐፊዎ ፈገግታዋን ሳትነፍገኝ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ፣ በበሩ በኩል ብቻዎን ሲያስሉ እየሰማሁ እመለስ ነበር። ስለዚህ ያንን ከባድ ስብሰባዎን ሳላቋርጥ በጋዜጣ በኩል ብመጣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ጥቂት ልናገር። ወንድሜ በትግል ስፖርት የከተማችን ሻምፒዮን ነበር። ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ውድድሩን ትቶ፣ እሑድ እሑድ በአሮጌው አዳራሽ ይታይ ወደነበረው የትግል ትርኢት ገባ። እኔ በሰፋሁለት ባለ ነጠብጣብ ሱሪ እየተወረወረ፣ ወለሉ ላይ ነጥሮ እየተነሣ፣ ሰዉን ሆዱን እስኪያመው ያስቅ ነበር፤ ጎማው የተባለውም ለዚህ ነው። ለምክር ቤት ሊወዳደር ሲነሣ የእርስዎ ፓርቲም፣ ተቃዋሚዎችዎም ደጃችንን አጣበቡት። ሁለቱንም አመስግኖ በግሉ ተወዳደረ፤ ሲያስቀው የኖረው ሕዝብም ሳይስቅ መረጠው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ ወንድሜን ገና በመጀመሪያው ቀን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «የኛ ሰው» ስላሉት አመሰግናለሁ። ሲወድቅ የኖረ ሰው ሲነግሩት ይወድቃል ብለው አስበው እንደሆነ እረዳዎታለሁ፤ ማንም ሰው ይሳሳታል። የፍሳሽ ቦይ ሥራውን ሲደግፍልዎ አስተዋይ አሉት፤ አዲሱ መንገድ በእርስዎ ስም ይጠራ የሚለውን ሲቃወም ደግሞ እዚያው ቆመው ቀልደኛ አሉት። ተቃዋሚዎችዎም ቢሆኑ ከእርስዎ አይሻሉም፤ አንድ ሳምንት ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት፣ በሳምንቱ የእነሱን ሐሳብ ሲጥልባቸው ሰላምታ ነሱት። ምስኪኑ ወንድሜ ግን ያደረገው ነገር የቀረበለትን ወረቀት አንብቦ እጁን ማውጣት ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፦ ይህኛው ምስጋናዬ ከሁሉ የላቀ ነው። የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል አፍርሶ የምክር ቤቱ መኪናዎች ማቆሚያ የማድረግ ድንቅ ሐሳብዎ ለድምፅ ሊቀርብ ሲል፣ ከመድረክዎ ወርደው ወንድሜን በክብር ጨበጡት፤ የእጁንም አንጓ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጉት። የትርኢት ሰዎች በእጅ ምልክት አስቀድመው እንደሚስማሙ ከአንድ ሰው ሰምተው ኖሯል። አይ ክቡርነትዎ! ነጋሪዎ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። በትርኢቱ ሕግ አንጓ የሚጫነው ወዳቂው ነው፤ «ተዘጋጅቻለሁ፣ በል ጣለኝ» ማለቱ ነው። ወንድሜ ሳይጨብጡትም ያው ይቃወምዎት ነበር፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ሰው ፊት እንዲህ ሲለምነው ደስ ብሎት ለተቃውሞ እጁን አወጣ፣ ሐሳብዎም በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ሳቅ ትን አለኝ። ምን ያደርጋል፣ ሳቃችን ብዙም አልሰነበተም።

ሦስተኛ፦ በማግስቱ ሦስት ሰዎች መጥተው በሬን አሸጉት። የተለጠፈው ማስታወቂያ የስፌት መኪናዎቼ ድምፅ የአካባቢውን ጸጥታ እንደሚያውክ ይናገራል። እነዚሁ መኪናዎች የአዳራሽዎን መጋረጃ በሙሉ ሲሰፉ ጸጥ ብለው ኖሮ መሆን አለበት፣ ያን ጊዜ አልተቀየሙንም ነበር። ወዲያው ደግሞ ጉዳይ አስፈጻሚዎ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣና፣ የታሸገውን በር ተደግፎ፣ «እትዬ፣ ነገሩን አታክብጂው፤ ሐሙስ ድምፁ እንደገና ይሰጣል። በዚያን ቀን ጉልበቱን አሞት ቢቀርስ? አንድ ቀን እኮ ነው። አንቺ ካልሽው እምቢ አይልም፤ እሱ ከቀረ በሩ ዓርብ ይከፈታል» አለኝ። እትዬ ማለቱ ግን ደስ አሰኝቶኛል፣ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት። ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃን፣ ክቡርነትዎ።

እፈራለሁ። ከዚያች አንዲት ክፍል ሌላ እንጀራ የለኝም፤ ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሁለት ሴቶችም የላቸውም። መኪናዎቹ ውስጥ ስለተቆለፉ መንገዱ ዳር በርጩማ አውጥተን በእጃችን እንሰፋለን፤ መርፌ መቼም ጸጥታ አያውክም። ከሁለቱ አንዷ፣ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራልኝ ልጅ፣ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል አያታለሁ። የማዋለጃ ክፍሉ ፈርሶ ምጥ ድንገት ቢይዛት፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ ልትገላገል ነው። ያን ጊዜ ምናልባት ማቆሚያዎ ላይ ካሉት መኪናዎች አንዱን ጠጋ ያደርጉልን ይሆን?

ጉዳይ አስፈጻሚዎ በአንድ ነገር አልዋሸም፤ እኔ ካልኩት ወንድሜ እምቢ አይልም። እኔን ከፍቶኝ ማየት አይችልም። ስለዚህ የበሩን መታሸግ ደብቄዋለሁ፤ «ቀለም እያስቀባሁ ነው» ብዬ ሰፈሩን እንዳይረግጥ አድርጌያለሁ። ዛሬ ከእርስዎ እኩል ከጋዜጣ ያነበዋል። አንብቦ እንደጨረሰም በዚያ በተጎዳ ጉልበቱ እያነከሰ እንደሚመጣ፣ ከበርጩማዬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «እትዬ፣ ልቅርልሽ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እዚያ ለብቻችን ስንሆን፣ ልጅቷንም፣ በሩንም፣ እሱንም እያየሁ ልቤ እንዳይከዳኝ ፈራሁ። ለዚህ ነው በአደባባይ የምጽፈው፤ ሰው ሁሉ ፊት ያልኩትን መልሼ መዋጥ እንዳልችል ነው።

እንግዲህ በፈቃድዎ ሁለት ቃል ለወንድሜ፦ ወንድም ዓለም፣ ለእኔ ብለህ እንዳትቀር። ሐሙስ ወንበርህ ባዶ ከሆነ፣ በሬን ወለል አድርገው ቢከፍቱልኝም አልገባበትም። ያዘንኩብህ እንዳይመስልህ፤ እንደምወድህ ታውቃለህ። እጅህን ወደፈለግኸው አቅጣጫ አውጣ፣ ብቻ ተገኝ።

እርስዎም ክቡርነትዎ ይገኙ ዘንድ እማጸናለሁ፤ እኛ ሦስታችን ከነበርጩማችን በሕዝቡ መቀመጫ በኩል ስለምንገኝ ከፊትዎ የሚሸሽ ዓይን አይኖርም።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእጅዎ ማረፊያን፣ ለጸሐፊዎ አጭር ስብሰባን እየተመኘሁ፣ ከታሸገ በሬ ፊት ለፊት ሆኜ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

የጎማው ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ እንዲለብሱት፣ ወገቡ እንዲሰፋልዎ ባለቤትዎ የላኩት ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ከታሸገው በር ውስጥ ተሰቅሎ ይገኛል። ገብቼ ባወጣልዎ ደስታዬ ነበር፤ ነገር ግን በፊርማዎ የወጣው ማስታወቂያ «ማሸጊያውን የነካ በሕግ ይጠየቃል» ስለሚል፣ እኔም ሕግ አክባሪ ስለሆንሁ፣ አልደፈርሁም። ደግሞም ከመታሸጉ በፊት ስፌቱን ፈትቼ አይቼው ነበር፤ ወንበሩን ከያዙ ወዲህ ያንን ሱሪ ደጋግሜ ስላሰፋሁት፣ ውስጡ የቀረ ትርፍ ጨርቅ የለም።