የዱልዱሙ አረር ማፍሰሻ ወራሽ

እኔ አርዲስ ሎከን፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አራት፣ በዋዮሚንግ በፓውደር ወንዝ ዳር በግ አርቢ የሆንኩ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም የበረዶውን ወራት ላልሻገር እንደምችል ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ደህና ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ትናንት በካርታ ያሸነፍኩትን ዋርሳዬን ደልበርትን ይጠይቅ።

ቃሌን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሶልቪ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አፏ ዝምተኛ፣ እጇ ግን ታማኝ ስለሆነ መረጥኳት። የተባለውን ሁሉ፣ የእነዚህን ሽማግሌዎች ጭቅጭቅ ጭምር፣ ሳትቀንስ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። ምስክሮቼ የሟች ባሌ ወንድም ደልበርት ሎከንና ጎረቤቴ ላይል ፕሪቸት ናቸው። ምስክር ሁኑ ስላቸው ሁለቱም ደስ ብሏቸው መጡ። ላይል እንዲያውም ክራቫት አስሯል።

«ለኑዛዜ እንጂ ለሠርግ አልጠራሁህም» ስለው፣ «ከወደድሽ ለሁለቱም ይሆናል» አለኝ። ይህም ይጻፍ።

በመጀመሪያ፣ ቤቱን፣ መሬቱንና በጎቹን ለአንድ ልጄ ለካርላ፣ ለሶልቪ እናት፣ አውርሻለሁ። ከተማ ገብታ መኖር ስትችል ሳልጠይቃት ከእኔ ጋር ቀርታለች። ምክሬ አንድ ነው፦ ልጄ ሆይ፣ ለምታርጂው በግ ስም አታውጪ።

ሁለተኛ፣ በቀብሬ ቀን የደልበርት የድንች ሰላጣ እንዳይቀርብ። ቀባሪ ራሱ ቀባሪ እንዳይሻ።

«ሠላሳ ዓመት በልተሽዋል እኮ!» አለ ደልበርት።

«ልቤ የደከመው ታዲያ በምን መሰለህ?»

ሦስተኛው እነዚህ ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ ጆሯቸውን ያቆሙለት ነው፤ ረጅሙ የጥንት ጠመንጃዬና የአረር ማፍሰሻው፣ ማለት የቀለጠ እርሳስ ፈስሶበት አረር የሚወጣበት የብረት ቅርጽ። ማፍሰሻውን ባሌ ለዚህ ጠመንጃ ብቻ ብሎ በእጁ ሠራው። ከእሱ የሚወጣው አረር ጎኑ ልሙጥ፣ አፍንጫው ዱልዱም፣ ቂጡ ጎድጎድ ያለ ነው። ስስ ወረቀት ሁለት ዙር ይጠቀለልለትና የወረቀቱ ጫፍ ተጠምዝዞ ቂጡ ውስጥ ይሸጎጣል። ራቁቱን ሲሆን አፈሙዙ ይሰፋዋል፤ ወረቀቱን ሲለብስ ልኩ ይሆናል። በዚህ አረር ከስምንት መቶ ሜትር ለዒላማ የቆመ የብረት ጎሽ አንኳኩቻለሁ። ባሌ ከሠራልኝ ነገር ሁሉ ይህን እወዳለሁ፤ ከቤቱም አስበልጬ። ቤቱ ያፈሳል።

ደልበርት ግን የማፍሰሻውን አፍንጫ ቦርቡሬ ላሹለው ይላል። ላይል ደግሞ ሆዱን አስፍቼ በወረቀት ፈንታ ቅባት የሚይዝ ቀለበት ጎኑ ላይ ያለው አረር ላውጣበት፣ ከወረቀት ጥቅለላ እንገላገል ይላል። ብረት አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

«እና ለማን ሆነ? ለእኔ ወይስ ለዚህ?» አለ ላይል ክራቫቱን እያስተካከለ።

«ለሁለታችሁም አይደለም። የኑዛዜ ምስክር ከኑዛዜው አይወርስም። ጠበቃዬን ጠይቄ ነው የጠራኋችሁ።»

ደልበርት በላይል ሳቀበት። ከዚያ ለራሱም ገባውና ሳቁን ዋጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በወጥመድ ያዝሽን!» አለ ላይል።

«ቀበሮ እንኳ ወደ ወጥመድ ሲሄድ ክራቫት አያስርም።»

ጠመንጃውንና ማፍሰሻውን ሳይነጣጠሉ ለሶልቪ አውርሻለሁ። ይህን ስናገር ብዕሯ ቆመ። ጻፊ አልኳት።

«ጸሐፊስ ትወርሳለች?» አለ ላይል።

«ሕጉ ምስክር አለ እንጂ ጸሐፊ አላለም።»

ደልበርት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እንግዲያው አልፈርምም። ልጅቷን እወዳታለሁ። ግን ሰው ፊት አንድ ጥይት ተኩሳ አታውቅም፤ ሰላም ስንላት እንኳ ጫማዋን ነው የምታየው። ምን እንደያዘች ሳይገባት ላገኘችው ትሸጠዋለች።»

ያለ ሁለት ፊርማ ይህ ጽሑፍ ተራ ወረቀት ነው። ማፍሰሻው ከቤቱ ዕቃ ጋር ለካርላ ይሄዳል፤ ካርላ ደግሞ ደልበርት ሲለምናት እምቢ ማለት አይሆንላትም። ሶልቪ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ እኔ ልመልስላት ብችልም መልሱን ለራሷ ተውኩላት።

ላይል ለሰስ ብሎ፣ «እስቲ የኔ ልጅ፣ ዱልዱም ለምን ይሻላል? ሹሉ ነፋሱን አይሰነጥቅም?» አላት።

የተናገረውን ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ ከወረቀቱ ጋር የምታወራ በሚመስል ድምፅ፣ «እርሳሱ ለስላሳ ነው» አለች። «ባሩዱ ከኋላ ሲመታው ረጅም ሹል አፍንጫ ይዘማል። ዱልዱሙ ቅርጹን ይይዛል። ሆዱን ብናሰፋው ደግሞ ለወረቀቱ ቦታ አይቀርም፤ ራቁቱን የሄደ እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል።»

«አፍንጫው እንደሚዘም ማን ነገረሽ?» አለ ደልበርት።

«በረዶው።»

«በረዶ ይናገራል እንዴ?»

«አምና እርስዎ በራስዎ ሹል አረር የበረዶ ክምር ላይ ሲተኩሱ ነበር፣ አጎቴ። በረዶው ሲቀልጥ ሄጄ ለቀምኳቸው። ምንም ድንጋይ ሳይነካቸው አፍንጫቸው ወደ ጎን ዞሯል። የአያቴን ዱልዱሞችም ለቀምኩ፤ ቀጥ እንዳሉ ናቸው።»

ደልበርት አገጩን አሸ። ልጅቱ ይህን ያህል ስትናገር የሰማው ዛሬ ነው።

«እሺ፤ ሹሌን አምጥቼ ወረቀት አልብሺልኝ ብልሽ ታለብሺልኛለሽ?»

«አለብስልዎታለሁ። በጣም ያምራል።»

«ይመታል ወይ?»

«ያምራል ነው ያልኩት፣ አጎቴ።»

ላይል ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ደልበርት ሳቁን ለማፈን ሞከረ፤ አቃተው። እጁን ዘርግቶ፣ «አምጪው ብዕሩን፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!» አለ።

አራተኛ፣ ለሶልቪ የተውኩት ምክር ነበረ፤ ሰው ፊት አፍሽን መክፈት ልመጂ የሚል። ይሰረዝ።

ከላይ ያለው በፊታችን ተነቦ፣ ተሰምቶ፣ ተፈርሟል።

ተናዛዥ፦ አርዲስ ሎከን

ምስክር፦ ደልበርት ሎከን፣ ምንም ሳልወርስ የፈረምኩ

ምስክር፦ ላይል ፕሪቸት፣ እኔም እንደዚያው

ጸሐፊ፦ ሶልቪ። የተባለውን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ እኔ ያልኩትንም።