ልጄ ከመስመር አይወጣም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሁዜይፋ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ መካነ ሰላምም ከብርዱ በቀር ሰላም ናት። ስልክህም አልሠራ ስላለኝ ደብዳቤውን ለዑምራ በሚሄዱት ጎረቤታችን እጅ ልኬዋለሁ።

ከጅዳ የላክህልን፣ ጌም በኢንተርኔት የሚያጫውተው እቃ፣ ሰሞኑን እየተቆራረጠ አስቸግሮኝ ነበር። ለካ እማዬ ዋይፋዩን ብርድ እንዳይመታው ብላ በአንተ ጋቢ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች! አውጥቼ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት፤ አጥፍቼ አበራሁት፤ ገመዱንም ቀየርኩ። አሁን የኳስ ጌሙ ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

ጌሙ ላይ ከሚታዩት የተጫዋቾች ስሞች ያንተ ብቻ ከኢድ ወዲህ ግራጫ እንደሆነ ነው። እማዬ «ምን ይላል?» ስትለኝ፣ «ሁዜይፋ ከመስመር ውጭ ነው» ብዬ አነበብኩላት። እንዴት እንደተቆጣች! «የእኔ ልጅ ከመስመር አይወጣም! እቃውን አስተካክይው» አለችኝ። እኔም በየቀኑ መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ ገመዱን እነቅልና መልሼ እሰካለሁ። እሷ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስምህን ታያለች።

ሥራ ቢበዛብህም አንዴ ብቅ በል፤ መጫወቱ ይቅር፣ ስምህ አረንጓዴ ይብራልን። እስከዚያ ለእማዬ፣ የተበላሸው የእኛ ቤቱ እቃ ነው እያልኳት ነው።

ጋቢህ ታጥቦ ተቀምጧል። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ ሀያት